የዝናሽ መፈተጊያ

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ ተስፋነህ፤

የክረምቱን ጭጋግ ገፎ ለመስቀል ያደረሰን አምላክ እርስዎንም በሰው አገር ከክፉ ይሰውርልኝ። እኛ ደኅና ነን። እቴቴ ፈንታነሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ኪዳን አያስቀሩም። በጸሎታቸው መጀመሪያ የሚነሣው የእርስዎ ስም ነው። «አንዱን ወለድሁት፣ አንዷን እኅቴ ስትሞት አቅፌ አመጣኋት፤ ሁለት ልጆች አሉኝ» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ።

ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን፣ ደግሞም ይህን ነገር በእጄ ጽፌ ልሰድልዎ ስለፈለግሁ ነው ወረቀት ያነሣሁት። የምሥራች አለኝ፤ ፓተንቱ ተሰጠኝ! አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተቀበልሁ። «በእጅ የሚዞር የገብስ መፈተጊያ፤ የፈጠራው ባለቤት ወይዘሮ ዝናሽ ሙሉሰው» ይላል። አስተማሪነቴን ትቼ ብየዳ ቤት ስከፍት ከተማው ሁሉ ሲስቅብኝ «ግፊበት» ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ደብተሬንም ጫማዬንም ገዝተው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ክብሩ የእርስዎም ነው።

የሰጡኝ ባለሙያ እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ «አንቺ አሠራሩን ሳትደብቂ ጽፈሽ ሰጥተሻል፤ ማንም መጥቶ ማንበብ ይችላል። በምትኩ አንቺን ሳያስፈቅድ ማንም ሠርቶም ሆነ ከውጭ አስመጥቶ መሸጥ አይችልም። ይህን ያደረገ በፍርድ ቤት ይጠየቃል።» መልካም ውል መስሎ ታየኝ።

ባለፈው ጥምቀት መጥተው ሲመለሱ ከእቴቴ ቤት ፈታትተው የወሰዱት የመጀመሪያው መፈተጊያ እንዴት ሆነ? ለፋብሪካ ሰዎች አሳይቼ ማዞሪያው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ በርካሽ አፈላልግልሻለሁ ብለውኝ ነበር። እስካሁን ከባሕር ዳር በውድ ነው የምገዛው። ሲያሳይዋቸው በግራ እግሩ ላይ ባለው ቀዳዳ እንዳይስቁብኝ አደራ! ስጀምር በስሕተት የበሳሁት ነው፤ ምንም ቡሎን አይገባበትም። ከዚያ በኋላ በሠራኋቸው ላይ የለም።

የእናትዎ ምርቃት በሄዱበት ይቅደምዎ።

እኅትዎ ዝናሽ


ጓንዡ፣ ቻይና
ታኅሣሥ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዝናሽዬ፤

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሳችሁ። ደብዳቤሽን ሸቀጥ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ አድርሶልኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። እንኳን ደስ አለሽ! ከአገር የሚመጡትን ነጋዴዎች ከፋብሪካ ፋብሪካ እያዞርኩ ስውል ድካሙ አጥንቴ ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ ግን ይቀለኛል።

ስለ ፓተንቱ አንድ ነገር ልምከርሽ። በወረቀት ብዙ አትተማመኚ። እዚህ ሰው ጠዋት ያየውን ዕቃ ማታ ሠርቶት ያድራል። አገራችን ሩቅ ናት፣ ሕጉም ገና ልጅ ነው። ዋናው ነገር ብዙ ሠርቶ ቶሎ መሸጥ ነው።

የኩሽኔታውን ነገር አልረሳሁም። ሰዎቹ ግን ማሽኑን ሲያዩ ሁለቱን በርሜሎች ስለሚያጣብቀው ሞላ ጠየቁኝ። የእኛ ሞላ ገብሱን ይሰብራል፣ የእሷ ለምን አይሰብርም አሉ። ውፍረቱንና ጥንካሬውን በትክክል ጻፊልኝ። ደግሞ ከላይ ያለው የላሜራ መከላከያ የግድ ነው ወይ? ዋጋ ያስወድዳል ይላሉ።

ለእናቴ ካፖርት ልኬላታለሁ፤ ስትለብሰው ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።

ወንድምሽ ተስፋነህ


ደብረ ታቦር
የካቲት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ተስፋነህ፤

መጪውን ጾም የበረከት ያድርግልዎ። እቴቴ ካፖርቱን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ «የልጄ እጅ ናት የምታሞቀኝ» አሉ። ፎቶው ከዚህ ጋር አለ።

የሞላውን ልክ ጽፌልዎታለሁ። በፓተንቱ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ምሥጢር አይደለም። ብቻ ኩሽኔታ ለሚሸጥ ሰው ሞላው ምን እንደሚያደርግለት አልገባኝም።

መከላከያው ግን የግድ ነው። ሴቶቹ ገብሱን በእጃቸው ገፋ እያደረጉ ነው የሚያስገቡት። ሁለቱ ጎማ የለበሱ በርሜሎች ወደ ውስጥ ነው የሚዞሩት፤ ያገኙትን ይዘው ይገባሉ። ላሜራውን የሠራሁት እጅ እንዳይደርስ ነው። ዋጋ ያስወድዳል ያለዎት ሰው ልጁን አጠገቡ ያስቁምና አንድ ጊዜ ያዙረው።

የፋርጣ ሴቶች ማኅበር አዲስ ትእዛዝ ሰጥቶናል። ሙቀጫው አረፈ፣ ትከሻችን ተመለሰ እያሉ ይመርቁኛል። ስሙንም እነሱ ናቸው ያወጡለት፤ «የዝናሽ መፈተጊያ» ይሉታል።

የቤታችን አምላክ ይጠብቅዎ።

እኅትዎ ዝናሽ


ደብረ ታቦር
ሰኔ 21 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ ተስፋነህ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ። የየካቲቱ ደብዳቤዬ ይድረስዎ አይድረስዎ አላውቅም፤ ስልክዎም አይነሣም። እቴቴ ደኅና ናቸው።

ክፉ ነገር ደርሶብኛልና ይስሙኝ። ባለፈው ሳምንት ከእብናት ፖሊስ ደወለልኝ። «የሠራሽው ማሽን ሰው ጎድቷል፤ መጥተሽ ቃልሽን ስጪ» አለኝ። እንዴት ሄጄ እንደደረስሁ አላውቅም። ደሳለች የምትባል ሴት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። ባሏ ካሳው ያዞራል፣ እሷ ገብሱን ትገፋለች። ማሽኑ ቀኝ እጇን ይዞ ገባ። ሦስት ጣቶቿ የሉም።

ጣቢያው በር ላይ ካሳው ሲያየኝ ዱላውን አነሣ፤ ሰዎች ያዙት።

«የዝናሽ መፈተጊያ ነው ብለው ነው የሸጡልን!» አለ። «ስምሽን አምነን ነው የገዛን! ሴቶች የሚያመሰግኑሽ ይህን ነው?»

«ማሽኑን አሳየኝ» አልሁት።

«ምኑን ልታይ? ደሟን?»

ፖሊሱ ይዞኝ ገባ። ማሽኑ መሬት ላይ ተቀምጧል። እንደኔው አረንጓዴ ተቀብቷል። በርሜሎቹ እንደኔው፣ እግሩ እንደኔው፣ ማዞሪያው እንደኔው። ከላይ ግን መከላከያ የለውም፤ ጭራሽ ሳይሠራለት ነው የወጣው። ብየዳውም የእኔ አይደለም። ፓተንቴንና የራሴን ማሽን አምጥቼ ለፖሊሶቹ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። እነሱ አመኑኝ። ካሳው ግን «ስምሽ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙሲትና አንበሳሜ ገበያ ወጥቼ አየሁ። ሞልቷል። ከእኔ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ሻጮቹ «ሰብለ ጉና አስመጪ» ከሚባል የአዲስ አበባ ድርጅት እንደሚረከቡና ዕቃው ከቻይና በኮንቴይነር እንደሚመጣ ነገሩኝ።

እርስዎ እዚያው ነዎት፤ ፋብሪካዎቹን ያውቃሉ። ይህን ማን እያሠራ እንደሚልክ ያጣሩልኝ። የምለምነው ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም።

ዝናሽ


ጓንዡ
ነሐሴ 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

በጣም ለምወድሽ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለእኅቴ ለዝናሽ፤

እመ ብርሃን በክንፏ ትጋርድሽ፤ የኢየሱስ ደብር ታቦት ቤታችንን ይጠብቅ፤ አዲሱ ዓመት የደስታ፣ የጥጋብ፣ የሰላም ይሁንልሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። መልስ ያዘገየሁት ቤት ስቀይር ዕቃዬ ሁሉ ተመሰቃቅሎ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።

የጻፍሽልኝን አንብቤ አዘንኩ። ነገር ግን ቻይና ሰፊ አገር ናት። አንድ ማሽን የት እንደተሠራ መፈለግ ገለባ ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ነው። የሚያስመጡትም ትልልቅ ነጋዴዎች ይሆናሉ። ከባለጠጋ ጋር ክስ መግጠም ትርፉ ድካም ነው። ለጠበቃ፣ ለሆቴል፣ ለትራንስፖርት ስትከፍዪ ብየዳ ቤትሽን ትዘጊያለሽ።

እኔ የማውቃቸው አንዳንድ ሰዎች አሉ። ብትፈቅጂልኝ ለአስመጪው ድርጅት አስነግሬ የሆነ ነገር እንዲሰጡሽ ላደርግ እችላለሁ። አንቺም ወረቀት ትፈርሚያለሽ፣ እነሱም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በሽምግልና ያለቀ ነገር ቂም የለውም።

ይህን ነገር ለእናቴ እንዳትነግሪያት፤ ደም ግፊቷን ያስነሣባታል።

ወንድምሽ ተስፋነህ


ደብረ ታቦር
ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጋሼ ተስፋነህ፤

እንደምን ከረሙ።

ክስ መሥርቻለሁ። ጠበቃዬ ሙላቴ ትባላለች፤ አብራኝ የተማረች ናት። ልደታ ባለው ፍርድ ቤት በሰብለ ጉና አስመጪ ላይ የፓተንት መብት ጥሰት ብለን ከሰስን። ዳኛው ነገሩ እስኪጣራ ድርጅቱ እንዳይሸጥ እግድ ሰጥተዋል። መንገድ ላይ የነበረውም ኮንቴይነር ጉምሩክ ተይዟል።

ሽምግልናውን አልፈልግም። ወረቀቱን ብፈርም ያ መከላከያ የሌለው ማሽን በእኔ ፈቃድ ሊሸጥ ነው። የእብናቷን ሴት ዓይን አይቼ ይህን አልፈርምም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የሚያውቁት ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ አሁን ይንገሩኝ። ፍርድ ቤት ከሚነግረኝ እርስዎ ቢነግሩኝ እመርጣለሁ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ዝናሽ


ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ተስፋነህ፤

ነገ ገና ነው። ሰላምታ ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ። አንቱታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰጥህ የኖርሁት ክብር ነበር። የለበስኸውን ራስህ አወለቅኸው።

ሙላቴ የሰብለ ጉናን የንግድ ምዝገባ አውጥታ አሳየችኝ። ሁለት ባለድርሻ አለው፤ አንዱ አንተ ነህ። በክሱ ላይ አንተንም ጨምረንሃል። ይህን ስሰማ ወድቄ የምታመም መስሏት ውኃ ይዛ ነበር የመጣችው። አልወደቅሁም። ሰኔ ላይ እብናት ፖሊስ ጣቢያ ስገባ ነው ያወቅሁት። የዚያ ማሽን ግራ እግር ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ ቡሎን የማይገባበት፣ ለምንም የማይረባ፣ በስሕተት የበሳሁት ቀዳዳ። ሐሙሲት ሄድሁ፣ ሁሉም አለው። አንበሳሜ ሄድሁ፣ ሁሉም አለው። ከእናትህ ቤት ፈታትተህ የወሰድኸውን ሰጥተሃቸው ስሕተቴን ሳይቀር ገልብጠውታል።

ታዲያ ለምን «ያጣሩልኝ» ብዬ ጻፍሁልህ? አንተው ትነግረኛለህ ብዬ ነው። «ዝናሽ፣ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ» ብትለኝ ኖሮ ክሱን ሳልከፍት በቤታችን እንጨርሰው ነበር። ነሐሴ ላይ የጻፍህልኝን ረጅም ምርቃት አንብቤ፣ ያን ያህል የመረቅኸኝ ፈርተህ መሆኑ ገባኝ። ጥቅምት ላይ ደግሜ ለመንሁህ። መልስህ በጠበቃህ በኩል መጣ።

መልሱም ይህ ነው፦ ማሽኑ ከማመልከቻው በፊት በባዛር ለሕዝብ ታይቷል፤ ስለዚህ አዲስ አይደለም፤ ፓተንቱ ይሰረዝ። ለማስረጃ የቀረበውም እኔ በደብረ ታቦር ባዛር ማሽኔን ሳዞር የተነሣሁት ፎቶ ነው። ዳኛው «ዋናው ፎቶ ይቅረብ» አሉ። ቀረበ። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ለጋሼ ተስፋነህ፤ ያስተማሩኝ እጅ ፍሬ ይህ ነው። ዝናሽ።»

ችሎቱ ውስጥ አንገቴን ደፋሁ። አንተ መድፋት የነበረብህን ነው የደፋሁት።

ለእቴቴ አልነገርኋቸውም። አንተ ትነግራቸዋለህ ብዬ አሁንም እጠብቃለሁ።

ዝናሽ


ጓንዡ
የካቲት 17 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለዝናሽ፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያብርድልሽ። አንተ ስላልሽኝ አልከፋሁም፤ ተናደሽ ነው።

እስቲ እኔንም ስሚኝ። እኔ እዚህ ስንት ዓመት የሌላ ሰው ዕቃ ስሸከም ኖርኩ። ነጋዴው በኮንቴይነር እየጫነ ባለ ፎቅ ሲሆን እኔ የኪራይ ቤት ውስጥ ነኝ። ያን ማሽን ሳይ ይህስ የቤታችን ነው፣ ለምን ሌላ ይቀድመናል አልኩ። ከእናቴ ቤት የወሰድኩት ማሽን የእናቴ ነበር፤ አንቺው ነሽ የሰጠሻት። አልሰረቅኩም። አንቺ በዓመት ስንት ትሠሪያለሽ? ለስንት ሴት ይደርሳል? እኔ በግማሽ ዋጋ በየገበያው አደረስኩት። ድካማቸውን ያቀለልኩላቸው ሴቶች የሉም?

መከላከያውን ፋብሪካው ነው ያስቀረው፤ ዋጋ እንዲወርድልን ጠይቀን የሚቀነሰውን ሲቀንሱ እሱ ተቀነሰ። ለወደፊቱ እናስተካክለዋለን። የፎቶውን ነገር ጠበቃው ነው ያደረገው፤ ያለኝን ሁሉ ላክ ሲለኝ ላኩ እንጂ ጀርባውን አላየሁም።

አሁን የምለምንሽ ክሱን እንድትተዪ ነው። ፈቃድ ሽጪልኝ፤ በሕግ ፊት እንዋዋልና በየዓመቱ ድርሻሽን ልስጥሽ። እንቢ ካልሽ ግን አንድ ነገር እወቂ። እናቴ ያለችበት ቤት በእኔ ስም ነው። ፍርድ ቤት ከፈረደብኝ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው። ያሳደገችሽን ሴት በስተርጅና ደጅ ልታወጪ ነው?

ደብተርና ጫማ የገዛሁልሽን አላስታውስሽም። አንቺ ራስሽ ታስታውሺዋለሽ።

ተስፋነህ


ደብረ ታቦር
ሐምሌ 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተስፋነህ፤

ፍርዱን ከጠበቃህ ሰምተኸዋል፤ ቢሆንም ከእኔም ስማው። የባዛሩን ክርክር ዳኛው አልተቀበሉትም። ፈጣሪው ራሱ ከማመልከቻው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያሳየው አዲስነቱን አያጣም ሲሉ ፓተንቱን አጸኑት። ድርጅትህ ከእንግዲህ እንዳያስመጣና እንዳይሸጥ ተከለከለ። ጉምሩክ የተያዙት ማሽኖች እንዲቆራረጡ ታዘዘ። አንተም ድርጅቱም ሳትነጣጠሉ ካሳ እንድትከፍሉኝ ተፈረደ። ስለ ደሳለች ስጠይቅ፣ ይህ ክስ የፓተንት ነው፣ የጣቱ ጉዳይ ሌላ ክስ ነው አሉኝ። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ገባኝ። ግን ከችሎት ስወጣ የተፈረደልኝ ሰው አልመሰልሁም።

ድርጅታችሁ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባልደረባህ ገንዘቡን ቀድሞ አሽሽቶታል። በስምህ የተገኘው አንድ ንብረት የእናትህ ቤት ነው። አልተሳሳትህም።

አፈጻጸም ችሎቱ ቤቱ እንዲሸጥ ከማዘዙ በፊት እቴቴ ዘንድ ሄድሁ።

«እቴቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁ። ቤቱን ግን አላስሸጥም፤ ይቅርብኝ ብዬ እጽፋለሁ» አልኋቸው።

«የትኛውን ቤት?» አሉኝ።

አንተ አልነገርሃቸውም። እኔ ነገርኋቸው፤ ከእብናት ጀምሮ እስከ ፍርዱ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምና ሰኔ።»

«ዓመት ሙሉ? እየገባሽ እየወጣሽ፣ እኔ ስመርቀው እየሰማሽ፣ አሜን እያልሽ?»

«ራሱ ይነግርዎታል ብዬ ነው እቴቴ።»

«እሱ የሰረቀው ብረት ነው» አሉኝ። «አንቺ ግን እኔን እንደ ሞኝ አስቀመጥሽኝ። ማንን እንደምመርቅ ሳላውቅ ዓመት ሙሉ አስመረቅሽኝ።»

አንተ እንዳልነግራቸው ጻፍህልኝ፣ እኔም አልነገርኋቸውም። ለአንተ ስል ይሁን ለእሳቸው፣ ወይስ ሲዋረዱ ላለማየት፣ አሁን መለየት አልችልም።

ከዚያ ተነሥተው «ያችን ሴት አሳዪኝ» አሉ። በጉልበታቸው አይሆንም ብላቸው አልሰሙኝም። ማለዳ በሚኒባስ እብናት ወረድን። ደሳለች ደጅ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፣ በግራ እጇ። ቀኟን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«እጅሽን አምጪው ልጄ» አሏት እቴቴ።

አፈረች። ጎንበስ ብለው ራሳቸው ነጠላውን ገለጡና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጣቶቹ የነበሩበትን ቦታ ዳሰሱት።

«የላከው ሰው እናት ነኝ» አሏት።

ካሳው ከጓሮ መጥቶ ቆሞ ሰምቷል፤ ዱላ ያነሣብኝ ያ ሰው አይመስልም ነበር። «እማማ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሙቀጫውም አልሆነላትም። ዘነዘናው በግራ አይያዝም። ጎረቤት አንድ ቀን ይታዘዛል፣ ሁለት ቀን ይታዘዛል። ከዚያስ?»

ተመልሰን ደብረ ታቦር መናኸሪያ ደረስን። ሲወርዱ «ቤቱ ይሸጥ» አሉኝ።

«የት ይገባሉ እቴቴ? እኔ ጋ ይምጡ።»

«የት እንደምገባ አንቺ አትጠይቂኝም። ይሸጥና ለልጅቱ ይሰጥ።»

ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። የተገኘውን ለደሳለች አስረክቤያለሁ፤ ለራሴ አልነካሁም። ለሙላቴ የምከፍለውን ከብየዳዬ እከፍላለሁ። እናትህ ኢየሱስ ደብር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ካፖርቱን ለነዳያን ሰጥተውታል።

ዝናሽ


ጓንዡ
መስከረም 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለዝናሽ፤

አዲሱ ዘመን የሰላም ይሁንልሽ።

ሁሉንም አነበብኩ። አሁን ስለ ፍርዱ አልከራከርም፤ ያለኝም የለም። አገር ብገባ ምን እንደሚጠብቀኝ ስለማላውቅ መምጣት አልቻልኩም። እናቴ ስልኬን አታነሣም። ቁጥሯንም ቀይራለች መሰለኝ። አዲሱን ላኪልኝ። ወይም ይህን ደብዳቤ ወስደሽ አንብቢላት። «ልጅሽ ደኅና ነው፣ ናፍቆሻል፣ ሲያልፍለት ከበፊቱ የበለጠ ቤት ይሠራልሻል» በያት። መልሷን ጻፊልኝ፤ የተቆጣችም ቢሆን።

ተስፋነህ


ደብረ ታቦር
ኅዳር 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተስፋነህ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል።

አንተ ያስመጣኻቸውና ከእግዱ በፊት የተሸጡት ማሽኖች በየገጠሩ አሉ። ፍርዱ ነጋዴውን እንጂ ገዝቶ በቤቱ የሚጠቀመውን ገበሬ አይነካውም። ገበሬውም ከፍሎበታልና አይጥለውም። ስለዚህ በገበያ ቀን የብየዳ መሣሪያዬንና ጀነሬተሬን ጭኜ ሐሙሲት፣ አንበሳሜ፣ እብናት እሄዳለሁ። «መከላከያ የሌለው መፈተጊያ ያላችሁ አምጡ፤ በነጻ እገጥማለሁ» እላለሁ። አንዳንዱ ያመጣል፣ አንዳንዱ ይፈራኛል። ባለፈው ሳምንት አንበሳሜ ላይ አንድ ሽማግሌ ማሽኑን ከአህያው ላይ አውርደው «ጥፋትሽን ልታርሚ መጣሽ?» አሉኝ። ፓተንቴን አውጥቼ፣ ፍርዱን ጠቅሼ ላስረዳቸው አሰብሁ። ብዙ ሰው ቆሟል፣ ፀሐዩም ይገርፋል። መነጽሬን አድርጌ በየድሁላቸው።

የራሴን የሚያዝዝ ሰው ጥቂት ነው። «የዝናሽ» የሚለው ስም እብናት ውስጥ ዛሬም የሚያስፈራ ስም ነው። ይህንን የሚመልስ ፍርድ እንደሌለ ሙላቴም ነግራኛለች።

ያልኸኝን አድርጌያለሁ። እቴቴ ዘንድ ሄድሁ። ግቢ አላሉኝም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙ። ስጨርስ፣

«ሌላ የለውም?» አሉኝ።

«የለውም» አልኋቸው።

«ስለ ልጅቱ እጅ የጠየቀው የለም?»

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁላቸው። ባዶ ነበር።

የሠርክ ጸሎት ደወል ሲደወል በሩን ቆልፈው ወጡ። ለአንተ የሚሆን መልስ አልሰጡኝም፤ እኔም ከራሴ የምጨምረው የለኝም።

ዝናሽ